በአሳልና በጉቤት ድንኳን ጥሎ ስለ ማደር፦ ከድሬዳዋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ከድሬዳዋ የቀረበ ሲሆን በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አራት ከድሬ፣ ሁለት ከሐረር፣ በድምሩ ስድስት ጓደኛሞች ነን። ለፋሲካ በዓል በሁለት መኪና ወደ ጅቡቲ ተሻግረን በአሳል ሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት በድንኳን ለማደር አስበናል። እናቴ ግን ‹እሳተ ገሞራ ባለበት አገር እንዴት ተኝታችሁ ታድራላችሁ› ብላ ፈርታለች። ስጋቷ እውነት አለው ወይ? ውሃስ ምን ያህል እንያዝ? ሙቀቱን በተመለከተ የድሬ ልጆች ስለሆንን የሚያስቸግረን አይመስለኝም።»

የሥነ ምድር መምህር ነኝ፤ ተማሪዎችን እየያዝሁ በዚያ ሥፍራ ደጋግሜ አድሬያለሁ። እናትዎ መፍራታቸው ትክክል ነው፤ የፈሩት ነገር ግን በዚያ ምድር ሊያስፈሩ ከሚገባቸው ነገሮች ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚሰለፍ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የጥያቄዎ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ ስለ እሳተ ገሞራው የሚገባውን ያህል ከተናገርሁ በኋላ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለሙቀቱ፣ ለውሃውና ድንኳኑ ለሚያርፍበት መሬት ይሆናል።

የአሳል ሐይቅና ጉቤት አል ኸራብ የሚባለው፣ ባሕሩ ወደ የብስ ዘልቆ የገባበት ጥልቅ ሥፍራ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ የላቫ (ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ የጠጠረ ዐለት) ምድር ብቻ የተለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ተነሥቶ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዘው የምድር ቅርፊት ስንጥቅ ከውሃ ወጥቶ በእግር የሚረገጥበት ቦታ ይኸው ነው። የስንጥቁ ግራና ቀኝ በዓመት በአማካይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። መራራቁ ግን በየዕለቱ በእኩል መጠን የሚሄድ ሳይሆን፣ አብዛኛው ለዓመታት ታምቆ ከቆየ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚለቀቅ ነው። በዚያ ሥፍራ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ የሆነው በ1971 ዓ.ም. ነበር። መጀመሪያ ምድሩ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ ጥቅምት 28 ቀን መሬቱ ተተርትሮ ላቫ መውጣት ጀመረ፤ ፍሰቱ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲቆም ዛሬ አርዱኮባ የምንለው ጥቁር ጉብታ ቆሞ ቀረ፣ ስምጡም እስከ 2 ሜትር ድረስ ሰፍቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አርዱኮባ ላቫ አላወጣም።

በዚያ ምድር ለሚያድር ሰው ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ቁም ነገር፣ የዚህ ዓይነቱ እሳተ ገሞራ ሳያስጠነቅቅ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። የቀለጠው ዐለት ወደ ላይ የሚወጣው ጠንካራውን ዐለት እየሰነጠቀ ስለሆነ፣ መሰንጠቁ በመሬት መንቀጥቀጥ አስቀድሞ ይታወቃል። በእኛው አፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ይዛ ስትሰነጠቅና በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ስትከፈት፣ አመድ ከመውጣቱ በፊት ለቀናት መንቀጥቀጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥና ሕዝብ ከቀዬው ሲነሣ የነበረው ደግሞ ከማንም ትውስታ አልጠፋም። በጅቡቲም በአርታ ከተማ የሚገኘው የምድር ጥናት ጣቢያ የአሳልን ስምጥ እንቅስቃሴ ይከታተላል። ስለዚህ ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ አንድ ጊዜ ብቻ መጠነኛ ንዝረት ቢሰማን በዚያ አገር የተለመደ ነው፤ ንዝረቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ እየተደጋገመ ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንኳኑን ትተን ወደ አስፋልቱ እንወጣለን።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ። «የድሬ ልጅ ነኝ» የሚለው መተማመን ሰው ሲጎዳ ያየሁበት መተማመን ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአሳል ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለ የአፍሪካ ዝቅተኛው ሥፍራ ነው፤ ከቤታችሁ ተነሥታችሁ ከ1,300 ሜትር በላይ ወደ ታች ትወርዳላችሁ ማለት ነው። በድሬ ቀኑ ቢያቃጥልም አየሩ በአብዛኛው ደረቅ ስለሆነ ላባችን ቶሎ ይተናል፣ ሲተንም ገላችንን ያቀዘቅዛል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከተራራው በኩል ነፋስ ይወርድልናል። በጉቤት ዳርቻ አየሩ ከባሕሩ እርጥበት ስለሚሸከም ላቡ ገላ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ ላብ ካልተነነ ደግሞ ማላብ ብቻውን አያቀዘቅዝም። በአሳል የሚያጋጥማችሁ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አየሩ ከመድረቁ የተነሣ ላቡ ሳይታይ ስለሚተን፣ ሰውየው ውሃ እየለቀቀ መሆኑን ሳያውቅ ከሰዓት ይደርሳል። ነጩ የጨው ወለል ብርሃኑን ከታች ወደ ላይ ስለሚመልሰው ባርኔጣ ያጠላለት ፊት እንኳ ከአገጭ ሥር ይቃጠላል። ጥቁሩ ላቫ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሰዋል፤ ከምድጃ የወረደ ብረት ምጣድ ለረጅም ጊዜ ሙቀቱን ይዞ እንደሚቆይ ሁሉ፣ በላቫ ላይ የተተከለ ድንኳን ከእኩለ ሌሊት በፊት አይበርድም።

አንድ ዓመት፣ እንደ እናንተው በሚያዝያ ወር፣ ከተማሪዎቼ አንዱ በአሳል ዳር ከጠዋት እስከ ቀትር ናሙና ሲሰበስብ ዋለ። ብርቱ ልጅ ነበር፤ «አልጠማኝም» ይል ነበር። ወደ መኪናው ስንመለስ የጠየቅነውን ትቶ ሌላ ነገር መመለስ ጀመረ፣ ከዚያም አረማመዱ ተዛባ። ሽርጣችንን ሁሉ በውሃ ነክረን አንገቱና ብብቱ ሥር አደረግን፣ በመኪናው ጥላ ሥር አስቀምጠንም በካርቶን አራገብንለት፤ ተረፈ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ጥማትን ሳይሆን ሰዓትን ተከትሎ መጠጣት እንዳለበት አስቀድሜ አላስገደድሁትም። ስለዚህ ከእናንተ አንዱ ሰዓት ያዥ ይሁን፤ ቢጠማም ባይጠማም በየሃያ ደቂቃው ሁላችሁም ጥቂት ጥቂት ጠጡ። ንግግሩ የተምታታ ወይም አረማመዱ የተዛባ ሰው ሲያጋጥማችሁ ዕረፍት ብቻ ይበቃዋል ብላችሁ አትተኙበት፤ ወዲያው ገላውን አርጥባችሁ እያራገባችሁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ራሱን ከሳተም በአፉ ምንም አታጠጡት። ለሐረርና ለድሬ ልጅ መናገሩ ቢከብድም ጫት በዚህ ጉዞ ላይ ቀን ቀን ባይቃም እመርጣለሁ፤ የልብ ምትንና የገላን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሌሊት ደግሞ ዋነኛ የማገገሚያ ሰዓት የሆነውን እንቅልፍ ይነሣል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው የመጀመሪያ ምክሬ ቀኑን እንድትቀይሩ ነው። በጅቡቲ ከተማ በጥር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት 29 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በፋሲካ ሰሞን ከ32 ዲግሪ ይዘልቃል፣ በሐምሌ ደግሞ 40 ያልፋል፤ የአሳል ጎድጓዳ ከከተማው የባሰ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ከምዕራብ የሚነፍሰው፣ ጅቡቲዎች ኻምሲን የሚሉት ደረቅ ትኩስ ነፋስ ሲነሣ በዚያ ምድር ማደርን ማሰብም አያስፈልግም። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር መልካም ናቸው፤ ከገና በኋላ ያሉት ቀናት ለእናንተ የሚመቹ ይመስለኛል። በእነዚያው ወራት ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ግዙፍ ሆኖ ሰውን የማይጎዳው ዓሣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ስለሚመጣ ዕድል ከቀናችሁ እርሱንም ታያላችሁ።

ሁለተኛው ምክሬ በአሳል ዳር እንዳታድሩ ነው። አሳልን ጎሕ ሲቀድ ሄዳችሁ እዩት፣ ፀሐይዋ ሳትከር ተመለሱ። ሐይቁ የሚመገበው ከጉቤት በላቫው ስንጥቆች ውስጥ ለውስጥ በሚሰርገው የባሕር ውሃ ነው፤ የሚወጣበት መውረጃ ስለሌለው ውሃው እየተነነ ጨውነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ ደርሷል። ለማየት የሚያስደንቅ፣ ለማደር ግን ጥላም ንጹሕ ውሃም የሌለው ሥፍራ ነው። የጨዉ ቅርፊት ጠርዝ እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ቦታ ላይ ያው ውሃ ሲነካው ሕመሙ ብርቱ ነው። ዐይን ውስጥ ከገባ የሚያጥብ ንጹሕ ውሃ በእጅ መኖር አለበት፤ ለዚህ ለብቻው አንድ ጀሪካን መድቡ። በሐይቁ ዳርቻ ያሉት ፍል ውሃዎችም ቆዳ የሚልጡ ስለሆኑ እጅ ሳይነክሩ በሩቁ ማየት ይበቃል። በዚያው በአሳል ስምጥ ውስጥ፣ ፊያሌ በሚባለው ቦታ በኩል፣ ለእንፋሎት ኃይል ጥናት በተቆፈሩ ጉድጓዶች ውስጥ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት መለካቱ፣ ከእግራችሁ ሥር ምን እንዳለ ለመገመት ይረዳችኋል።

ማደሪያችሁ የጉቤት ዳርቻ ይሁን፤ በዳርቻውም ላይ ቦታውን መምረጥ ሙያ ይጠይቃል። በመጀመሪያ የባሕሩ ሙላት ጥሎት የሄደውን የአረምና የቅርፊት መስመር ፈልጉና ከእርሱ በደንብ ከፍ በሉ። ቀጥሎ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ደረቅ ወንዝ አፍ ላይ ድንኳን አትትከሉ። ቦታው አሸዋው ለስላሳ ስለሆነ ይጋብዛል፤ ያን አሸዋ ያመጣው ግን ጎርፍ ነው። ይህን ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት የማያስፈልግ ይመስለኛል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ከ200 በላይ ሰዎችን በሌሊት የወሰደው፣ ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ዝናብ ቀን ቀን ሰው በሚሻገርበት ደረቅ አሸዋ ላይ ድንገት በመምጣቱ ነው። በጅቡቲ ዳርቻ ደግሞ ዝናብ የሚመጣው እኛ በጋ በምንለው፣ እኔ እንድትሄዱበት በመከርሁት ወቅት ነው፤ በኅዳር 2012 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ የጅቡቲን ከተማ ሳይቀር አጥለቅልቆ ነበር። የእናንተ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ከጉቤት በስተሰሜን ባለው በጎዳ ተራራ ላይ ሊዘንብ እንደሚችል አስቡ።

የተቀረው የመሬት አመራረጥ ከስምጡ ጠባይ የሚመነጭ ነው። ገደል ሥር አትተኙ፤ ትንሽ ንዝረት እንኳ የላላ ድንጋይ ያወርዳል፤ ከገደሉ ግርጌ የተከመረውን ስብርባሪ ስትመለከቱ እስከየት እንደሚንከባለል ታውቃላችሁ። ከስንጥቅ ጠርዝ ራቁ፤ ከላይ ጽኑ የሚመስለው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ሥሩ ተቦርቡሮ ተንጠልጥሎ የቆመ ነው። አንዳንዱ ላቫ ከሥሩ ባዶ ዋሻ አለበት፤ ላዩ በርዶ ሲጠጥር ውስጡ ያለው የቀለጠው ዐለት ፈስሶ ስለወጣ ጣሪያው ብቻ ቀርቷል። በእግር ሲረገጥ ባዶ የሚያስተጋባ ቦታ ካገኛችሁ ዞራችሁ ሂዱ። እንፋሎት በሚወጣበት አካባቢ በጎድጓዳ ቦታ አትደሩ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ነፋስ በሌለበት ሌሊት በጎድጓዳው ይተኛል። ወደ አርዱኮባ ስትወጡም ያለ ወፍራም ሶል ጫማና ያለ ጓንት አትሂዱ፤ ባዛልት የሚባለው ጥቁሩ የላቫ ዐለት ገና ስላልተሸረሸረ የወደቀ ሰው መዳፉ ይላጣል።

ድንኳኑን በሚመለከት፣ ካስማ በዚያ መሬት አይሠራም፤ በላቫ ላይ አይገባም፣ በጠጠር ላይ ይነቀላል። አምስት ወይም ስድስት ባዶ ማዳበሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ጠጠር ሞልታችሁ ገመዱን በማዳበሪያዎቹ ላይ ማሰር ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ነፋሱን አትናቁት፤ በጉቤት አጠገብ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው፣ 60 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 17 ተርባይኖቹን በዚያ የተከለው ነፋሱ ጠንካራና የማያቋርጥ በመሆኑ ነው። የድንኳኑን በር ከነፋሱ አዙሩት፣ መኪናውን በነፋሱ በኩል አቁሙት። ለቀን ጥላ ከድንኳኑ ሌላ ሰፊ ሸራ ያስፈልጋችኋል፤ ቀትር ላይ በድንኳን ውስጥ መቀመጥ በምድጃ ውስጥ እንደመቀመጥ ነው። አጎበርም ያዙ። አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው በጅቡቲ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. በእኛዋ ድሬ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆና ተገኝታለች፤ በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ስለሆነች ጀሪካኖቻችሁን ሁልጊዜ ክደኑ።

ለጠየቁት ለውሃው ቀጥተኛ ቁጥር ልስጥ። በመልካሙ ወቅት ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመጠነኛ መታጠቢያ ለአንድ ሰው በቀን 8 ሊትር ያዙ። ስድስት ሰው ለሦስት ቀን 144 ሊትር ይሆናል፤ መኪና ቢበላሽ ለአንድ ተጨማሪ ቀን 48 ሊትር ጨምሩበት፤ በጠቅላላው 192፣ ማለትም አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። በሁለቱ መኪኖች እኩል ክፈሉት፤ አንዱ መኪና ቢቀር ወይም አንዱ ጀሪካን ቢቀደድ ሁሉንም እንዳታጡ። እዚያ ደርሰን እንሞላለን ብላችሁ አትቁጠሩ። በመንገድ የምታዩት ጉድጓድ ወይም በርሜል የአፋር አርብቶ አደሮችና የፍየሎቻቸው ሕይወት ነው፤ በከተማ ልጅ መታጠቢያነት ሊቀዳ አይገባም። እንዲያውም የተረፋችሁን ውሃ ስትመለሱ ለመንገደኛ እረኛ ብትሰጡ መልካም ነው። ኦአርኤስ (በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት የጨውና የስኳር ንጥረ ነገር) አሥር ያህል እሽግ፣ ቴምር፣ ቆሎና በሶ ከያዛችሁ ቀን ቀን እሳት ማንደድ አያስፈልጋችሁም። ለማታ ቡታጋዝ ይበቃል፤ ያለችውን ጥቂት ግራር ለማገዶ መቁረጥ ነውርም ጉዳትም ነው።

መንገዱን በአጭሩ ልለፈው። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው 220 ኪሎ ሜትር ያህል የክፍያ አስፋልት መልካም ነው፤ ድንበሩን ከተሻገራችሁ በኋላ በአሊ ሳቢህና በግራንድ ባራ ሜዳ በኩል ወደ ዋናው መንገድ ትወጡና ወደ ታጁራ የሚሄደውን ትይዛላችሁ። በባቡር በጅቡቲ ከተማ አጠገብ እስካለው ናጋድ ጣቢያ ድረስ ሄዳችሁ እዚያ መኪና ከነሹፌሩ መከራየትም ይቻላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ይህን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሹፌሩ ደረቁን ወንዝ ሁሉ በስሙ ያውቀዋል። በራሳችሁ መኪና ከሄዳችሁ ፓስፖርትና ቪዛ ብቻ ሳይሆን መኪናው ድንበር የሚሻገርበት ፈቃድም አስቀድሞ መጠናቀቅ አለበት። ከአንድ በላይ ስኮርታ ያዙ፤ የላቫ ስለት የጎማን ጎን ይቆርጣል፣ የተቆረጠ ጎን ደግሞ በመንገድ አይጠገንም። በጉቤት የጨው መጫኛ ወደብ ስላለ ከባድ መኪና ይበዛል፤ ቁልቁለቱም ጠመዝማዛ ነውና ሌሊት አትንዱ።

ስለ ባሕሩ ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ። ጉቤትን ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚያገናኘው በር ጠባብ ስለሆነ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል በዚያ የሚያልፈው ውሃ እንደ ወንዝ ይሮጣል፤ የሰይጣን ደሴት ወደሚሏት ኮረብታም ከዳር ቅርብ መስላችሁ በዋና እንዳትሞክሩ፣ የጉቤት ጥልቀት 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ሳይቀር በባዶ እግር አትግቡ፤ እሾሃማ የባሕር እንስሳትና ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዘኛ ዓሣ አለ። ዓሣው ከወጋችሁ፣ ሐኪም ቤት እስክትደርሱ ድረስ የተወጋውን እግር ቆዳ በማያቃጥል መጠን በሞቀ ውሃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያበርዳል።

ምድሩ ባዶ ቢመስልም ባለቤት አለው። አሳል ለአፋር ሕዝብ የጨው ጎተራ ሆኖ የኖረ ነው፤ በግመል ተጭኖ ወደ ሸዋ ድረስ ይወጣ የነበረው ጨው ከዚያ ይቆረጥ ነበር። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት በአቅራቢያ ያለውን ሰው ፈልጋችሁ ሰላም በሉ፣ ከየት እንደመጣችሁና ስንት ሌሊት እንደምታድሩ ንገሩ። አፋሮች ዳጉ በሚሉት የወሬ መለዋወጫ ሥርዓታቸው መንገደኛ ካገኙት ሰው ጋር ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይነግሩ አያልፉም፤ ስድስት የኢትዮጵያ ልጆች በጉቤት ዳር መኖራቸው በአንድ ቀን ውስጥ አካባቢውን ይደርሳል፤ ችግር ቢገጥማችሁ ከስልክ ቀድሞ የሚደርስላችሁ ይኸው ነው። በላይ በኩል ወንዙ መምጣቱንም የምትሰሙት ከእነርሱ ነው። ከጨዉ ቅርፊት እየገነጠላችሁ አትውሰዱ፤ የጨው እንክብል መንገድ ዳር ከሚሸጡት ግዙ። ቆሻሻችሁን በማዳበሪያ ይዛችሁ ተመለሱ፤ በዚያ ምድር የተጣለ ፌስታል ፍየል ትበላዋለች።

ከመሄዳችሁ በፊት ለእናትዎ በወረቀት ጽፈው የሚተዉላቸው ነገር ይኑር፦ የምታድሩበት ቦታ ስም፣ የሁለቱ መኪኖች ሰሌዳ ቁጥር፣ የሹፌሩ ስልክና የምትመለሱበት ቀን። በአሳል ጎድጓዳ ውስጥ ስልክ ላይሠራ እንደሚችል አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሁልጊዜ ማታ የምትደውሉበት አንድ ሰዓትም ተስማሙ። ሰዓቱን ስትጽፉ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አስረግጡ። የጅቡቲው ሹፌር «ሁለት ሰዓት» ሲላችሁ ከቀትር በኋላ ያለውን ማለቱ ሊሆን ስለሚችል፣ ጠዋት ወደ አሳል ይወስደናል ብላችሁ ስትጠብቁት ፀሐይዋ ከከረረች በኋላ እንዳይመጣባችሁ፣ ከእርሱ ጋር ስትቀጣጠሩ «ከፀሐይ መውጣት በፊት» በሉት።